የአርብ ቁጥሮች

ሴፕቴምበር 17፣ ሰኞ

ዛሬ ዳኛ ሆኜ ተሾምኩ። ካባ አልተሰጠኝም፤ ያው የድሮው ነጭ ጋወኔ ነው፤ ኪሱም እንደተቀደደ ነው።

አዲሷ ኃላፊያችን ዶክተር ሂሜና አሪሳጋ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች በበረዶ ላይ አድርጋ ፊቴ አስቀመጠች። አንደኛው ሰባት-ቢ ነው። ዶክተር አብዶን ሴዴኞ እዚሁ ጓያኪል ከተማ፣ እዚሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ከአይጥ ጋር ሲታገል ኖሮ ያወጣው አንቲቦዲ፣ አንድን ነገር ለይቶ የሚጨብጥ ፕሮቲን። ሁለተኛው ከውጭ አገር ታሽጎ የመጣ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ስታሊን ካርቶኑን ሳይከፍት «ፈረንጁ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊያችንም ሳትቀር ሁሉም ፈረንጁ ነው የሚለው።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ካካዎ ውስጥ ያለውን ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት መያዝ። ባሕር ማዶ ያሉት ገዢዎች ከጃንዋሪ ጀምሮ ካድሚየም የበዛበትን ካካዎ አንቀበልም ብለዋል። ገበሬው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት የሚያውቅበት ርካሽ መመርመሪያ ያስፈልገዋል።

«ናርሲሳ፣ የትኛው አጥብቆ እንደሚይዝ ለክተሽ ንገሪኝ» አለች ዶክተር ሂሜና። «ናይትሮጂን ጋኑ ውስጥ ያለኝ ቦታ ለአንዱ ብቻ ነው።»

የተሸነፈውን አንቲቦዲ የሚሠሩት ሴሎች ከጋኑ ይወጣሉ፤ ከዚያ ቅዝቃዜ ወጡ ማለት ሞቱ ማለት ነው። ዶክተር አብዶን ደግሞ በዲሴምበር ጡረታ ይወጣል። ከጎናችን ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ስኳሩን ማነው የጨረሰው?» አለና ወደ ቢሮው ገባ።

ማታ እናቴ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ካድሚየም ብቻውን ከማነሱ የተነሳ አንቲቦዲ ሊጨብጠው አይችልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለሸርጣን እንሰጠዋለን አልኳት። ሸርጣን የምለው ብረትን በሁለት ጥፍሩ ቆንጥጦ የሚይዝ ኬሚካል ነው። አንቲቦዲው የሚያውቀው ሸርጣኑን ከነካድሚየሙ ነው። ባዶ ሸርጣን ቢመጣ አይነካውም፤ ዚንክ የያዘ ቢመጣም ፊቱን ያዞራል።

«መራጭ ነው በይኛ» አለች እናቴ። «አንቺን ነው የሚመስለው።» ከዚያ ወደ ትዳር ወሬ ልትሻገር ስትል ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ።

ሴፕቴምበር 19፣ ረቡዕ

እየተጣደፍኩ ነው። ፈረንጁ፦ ሁለት። ሰባት-ቢ፦ ዘጠኝ። ትንሽ ቁጥር ማለት አጥብቆ መያዝ ማለት ነው። ዘጠኝ ቁጥር አይደለም፣ ስድብ ነው። ነገ እደግማለሁ።

ሴፕቴምበር 20

ዘጠኝ ተኩል። አመሰግናለሁ ሰባት-ቢ።

ሴፕቴምበር 21፣ አርብ

የሸርጣን ማጥመድ ክልከላ ተነስቷል! የእውነተኛውን ሸርጣን ማለቴ ነው። ከተማው ሁሉ መዶሻውን አውጥቷል።

ስታሊን ቱምባኮ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ «ዛሬ ከካፌ ምሳ የበላ ከሃዲ ነው» አለኝ። አባቱ በጉርምስናው አብዮተኛ ስለነበር ስሙን አወጣለት፤ ልጁ ግን የሴንትሪፉጅ ማሽኑን ክዳን ጠንከር አድርጎ ከዘጋ «ይቅርታ» የሚል ፍጡር ነው።

ሄድን። እያንዳንዳችን አራት ሸርጣን፣ አንድ አንድ ቢራ፣ አንድ የእንጨት መዶሻ። እኔ ስጨርስ እሱ ገና ሁለተኛውን እግር እያጠና ነበር። ከዚያ ሌላ ሁለት አዘዘ። ከዚያ የአጎቱን ጀልባ ታሪክ ጀመረ፤ ጀልባዋ እስክትሰምጥ ቆየን።

ተመልሼ የመመርመሪያውን ሳህን አነበብኩ። ሰባት-ቢ፦ ሦስት!

ብቻዬን በኮሪደሩ ጨፈርኩ። የጽዳቷ ሴትዮ አይታኛለች።

ሴፕቴምበር 24፣ ሰኞ

ዘጠኝ።

ሴፕቴምበር 28፣ አርብ

ዛሬም ሸርጣን። ዛሬም ስታሊን አዘዘ፣ ጨመረ፣ አወራ። ሰው እንዲህ ሸርጣን ይወዳል? ጣቱን በቅርፊቱ ቆርጦ በናፕኪን ጠቅልሎ መብላቱን ቀጠለ።

ሰባት-ቢ፦ ሁለት ነጥብ ስምንት። ፈረንጁ፦ ያው ሁለት።

ዛሬ አልጨፈርኩም። ለምን አርብ አርብ ብቻ? ቢራው ይሆን? አንድ ቢራ ጠጥቼ እጄ ለምወደው ሰው ያዳላል?

ኦክቶበር 3

አሠራራችንን አንድ በአንድ ላስብ። ጠዋት አንቲቦዲውንና ካድሚየም የያዘውን ሸርጣን በየጉድጓዱ እቀላቅላለሁ። ምሳ እበላለሁ። ተመልሼ ሳይጨብጥ የቀረው አንቲቦዲ ምን ያህል እንደሆነ በቀለሙ አያለሁ፤ ቢጫው በደመቀ ቁጥር ብዙ አንቲቦዲ ባዶ እጁን ቀርቷል ማለት ነው። ዶክተር አብዶን ስታሊንን ሲያስተምረው «ቀላቅል፣ ምሳህን ብላ፣ አንብብ» ነው ያለው። ስታሊንም እኔን እንደዚያው። እዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ደግሞም ለፈረንጁ አንድም ቀን አላስቸገረም።

ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። ፒፔቱን፣ ጠብታ መለኪያውን፣ የምይዘው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልጻፈው፤ ይህን የሚያነብ የለም። ሰባት-ቢ እንዲያሸንፍ እፈልጋለሁ። ዶክተር አብዶን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ የሰበርኩትን ውድ ዕቃ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብሎ የፈረመልኝ ሰው ነው። አባቴ የሞተ ሳምንት በየቀኑ እቤት ድረስ መጥቶ፣ ሳይናገር ተቀምጦ፣ ሳይናገር ይሄድ ነበር። አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። ትንሿን ፒፔት ሲያነሳ ሁላችንም ሌላ ነገር የምናይ እንመስላለን። ቁጥሩን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እየጠየቀኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ዶክተር ሂሜና ስልክ ላይ «አዎ፣ ሽማግሌውን በክብር እንሸኘዋለን፤ አይጦቹን ግን እስከ መቼ እንቀልባለን?» ስትል ሰማሁ። ክፉ ሴት አይደለችም። በልደቴ ቀን ኬክ ያመጣችው እሷ ብቻ ነች። እንደዚያም ሆኖ በሩን ትንሽ ጮክ አድርጌ ዘጋሁት።

ኦክቶበር 5፣ አርብ

ሦስት። እግዚኦ።

ኦክቶበር 12፣ አርብ

ሁለት ነጥብ ሰባት። ፈረንጁ ሁለት፤ ሰኞም ሁለት፣ አርብም ሁለት። ይኸው ማስረጃው! ቀኑ ወይም ሙቀቱ ወይም ማሽኑ ቢሆን ኖሮ ፈረንጁም አብሮ ይለዋወጥ ነበር። የሚለዋወጠው የምወደው ብቻ ነው። ስለዚህ ሳላውቀው እጄ እየሰረቀ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስታሊን «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ሌባ ነኝ» አልኩት።

«ምን ሰረቅሽ?»

«ነጥብ።»

«ለኔም ስረቂልኝ» አለና ሳቀ። ሰው የልቡን ሲነግረው ይቀልዳል።

ኦክቶበር 16

ወሰንኩ። አርቦቹን አወጣቸዋለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ብቻ ይቆጠራል። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ ራስህን ካላመንክ ራስህን ታስወጣለህ። ስወስን ቀለለኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። እናቴ «ዛሬ ምን አገኘሽ፣ ፊትሽ በርቷል» አለችኝ።

ኖቬምበር 8፣ ሐሙስ

ውጤቱን አቀረብኩ። ፈረንጁ ሁለት፣ ሰባት-ቢ ዘጠኝ። ሠንጠረዡ ያምራል። ዶክተር ሂሜና «ግልጽ ነው፤ አመሰግናለሁ» አለች። ጋኑ ዲሴምበር 14 ቀን ይጸዳል፤ አጽጂው ስታሊን ነው።

ዶክተር አብዶን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ቆየት አድርጎ ጠረገው።

«ጥሩ ሠንጠረዥ ነው፣ ልጄ። የለካሽባቸው ቀናት ሁሉ አሉበት?»

«የሚታመኑት ሁሉ አሉበት፣ ዶክተር።»

«ጥሩ» አለ። «ጥሩ።»

አልዋሸሁም። ለምን የዋሸሁ ያህል ይሰማኛል?

ኖቬምበር 9፣ አርብ

ስታሊን ሸርጣን እንሂድ አለ። አልሄድም አልኩት፤ ሸርጣን ሳይ የደበቅኳቸው አርቦች ናቸው የሚታዩኝ። ብቻውን ሄደ። ደጅ ቆሜ የግድግዳው ቀለም ማርጀቱን አይቼ ወደ ውስጥ ሳልመለስ ጨርሶ መጣ፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ብቻውን ሲሆን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ሳይ ቀናሁበት። እኔ ሳለሁ ለምን እንደሚያዘግም ግን ገርሞኛል። ወሬኛ ስለሆነ ነው።

ኖቬምበር 22

የዓመት ማብቂያ አሻንጉሊት ዝግጅት ተጀምሯል። ዘንድሮ ቤተ ሙከራችን በወረቀትና በሰጋቱራ ምን ሠርቶ አዲስ ዓመት ዋዜማ መንገድ ላይ ያቃጥል? ከላይኛው ፎቅ አንዱ ቀልደኛ «ሰባት-ቢን!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። ዶክተር አብዶንም ሳቀ፤ «እጆቹን ረዘም አድርጉለት፤ መያዝ ስላልሆነለት» አለ። ያን ጊዜ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ «አይጥ ይሻላል» አልኩ፤ በድምፅ ብልጫ አይጥ ሆነ።

ዲሴምበር 7፣ አርብ

ዶክተር አብዶን ሄደ። ወደ ትውልድ ከተማው፣ ወደ ቾኔ። ኬክ፣ ንግግር፣ ሰዓት ስጦታ። ጡረተኛ ሰዓት ምን ያደርግለታል? ሲሰናበተኝ ጭንቅላቴን ሁለቴ መታ መታ አደረገኝና «እጅሽ ጥሩ ነው፤ እመኚው» አለኝ።

እንዳይመስልዎት አልኩት በልቤ።

ዲሴምበር 11፣ ማክሰኞ

ጋወኔን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ አልለየሁትም።

ስታሊን ከጋኑ የሚወጡትን ብልቃጦች እየለየ ነበር። ላግዝህ ብዬ ተጠጋሁ። ዝም ብሎ መሥራት ስለማይችል፣ ኦገስት ላይ እኔ ፈቃድ ሳለሁ እሱ ሰባት-ቢን ለሙከራ ለክቶት እንደነበር ነገረኝ።

«አርብም ለክተሃል?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«አዎ፣ አርብም።»

«ስንት መጣልህ?»

«ዘጠኝ። ሁልጊዜ ዘጠኝ። ምነው?»

«አርብ ዘጠኝ? ሸርጣን ከበላህ በኋላ?»

«ምን ሸርጣን? ክልከላ ነበር እኮ! ካፌ ሩዝና ምስር ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ።»

የያዝኩትን ብልቃጥ መልሼ አስቀመጥኩ።

እጄ አይደለም። ቢራውም አይደለም። ምሳው ነው! ካፌ ስንበላ ግማሽ ሰዓት፤ ሸርጣን ስንበላ ግን ሰዓታት። ሰባት-ቢ ደካማ አይደለም፤ ዝግተኛ ነው። ፈረንጁ ዘሎ ይይዛል፤ ሰባት-ቢ ቀስ ብሎ፣ አጥንቶ ይይዛል። እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ በሩን ከፍቼ «አልያዝክም» እያልኩ ዘጠኝ እየጻፍኩበት ነበር!

ወዲያው ሦስት ሳህን ቀላቀልኩ። አንዱን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አነበብኩ፦ ዘጠኝ። ሁለተኛውን ማምሻውን፦ ሁለት። ሦስተኛው እስከ ጠዋት ይደር።

ዲሴምበር 12

ዜሮ ነጥብ አራት።

ዜሮ። ነጥብ። አራት። ከፈረንጁ አምስት እጥፍ የበረታ። ፈረንጁ አድሮም ሁለት ነው።

ከነገ ወዲያ ጋኑ ይጸዳል።

ዲሴምበር 13፣ ሐሙስ

ዶክተር ሂሜና ቢሮ ገባሁ። ያቀረብኩት ሠንጠረዥ ስህተት ነው፤ አርቦቹን ደብቄያለሁ አልኳት። ፊቷ ጠቆረ፤ ልክ ነች። ስታሊንንም አስጠራችው።

«አርብ አርብ ምሳ ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ? ‹ረጅም ምሳ› አትበሉኝ። ቁጥር ነው የምፈልገው።»

እኔ በትክክል አላውቅም ነበር። ስታሊን ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰባት ሰዓት ወጥተን አስር ሰዓት እንመለሳለን። ሴፕቴምበር 28 ላይ አስር ሰዓት ከሩብ።»

«እንዲህ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ፣ ዶክተር።»

«ስድስት ሸርጣን ለመብላት ሦስት ሰዓት?»

«እኔ ሸርጣን አልወድም» አለ ስታሊን፣ ጆሮው እስኪቀላ። «እንዲያውም ያሳክከኛል። ቶሎ ከጨረስኩ ግን ትነሳለች።»

ዶክተር ሂሜና ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። መስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ይሁን» አለች ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «ያዘ፣ ገባኝ። ግን ናርሲሳ፣ አድሮ የሚይዝ አንቲቦዲ ምን ያደርግልኛል? የትኛው ገበሬ ነው መልስ ለማግኘት አንድ ሌሊት የሚጠብቀው?»

አፌ ከኔ ቀድሞ መለሰ። «ካካዎ እኮ ሳጥን ውስጥ ሲብላላ አምስት ቀን ይቆያል፣ ዶክተር። ከዚያ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት። ገበሬው እየጠበቀ ነው የሚኖረው። የሚቸኩለው ገዢው ነው።»

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳ ነበር፤ አቆመች። ከዚያ ከጋኑ የሚወጡት የተዘረዘሩበትን ወረቀት ሳበችና ሰባት-ቢ የሚለው ላይ ሰረዝ አደረገች። «ለሁለቱም ቦታ እፈልጋለሁ። የኔን የድሮ ብልቃጦች አውጡ። አንቺ ደግሞ፣ ሁለተኛ ከኔ ቁጥር ብትደብቂ ከጋኑ የምትወጪው አንቺ ነሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ስታሊን «ይቅርታ» አለኝ።

«ስለምኑ?»

«ስለ ሸርጣኑ።»

«እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ጣቶቹ መሃል ሁሉ ቀይ በቀይ ሆኗል። ከሴፕቴምበር ጀምሮ! እኔ ደግሞ ሳሙናው ነው ብዬው ነበር። ነገ ዶሮ እንበላለን፤ እኔ ነኝ የማዘው፣ ቀስ ብዬ።

ዲሴምበር 14

ዶክተር አብዶን ጋ ደወልኩ። ከበስተጀርባው ዶሮ ይጮሃል፤ ሬዲዮም ተከፍቷል። በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ዜሮ ነጥብ አራት፣ አድሮ፣ ሸርጣን፣ ካፌ፣ ሁሉንም።

ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

«‹ምሳህን ብላ› ያልኩት እኔ ነኝ እኮ! በኛ ጊዜ ምሳ ማለት ቤት መሄድ ነበር። ትበያለሽ፣ የተንጠለጠለው የመረብ አልጋ ላይ ትተኚያለሽ፣ ፀሐይ ስትበርድ ትመለሻለሽ። እናንተ ቆማችሁ እንደምትበሉ ማን ነገረኝ?»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«አርቦቹን በጊዜው ብታሳዪኝ ኖሮ ወዲያው አውቀው ነበር፣ ልጄ። አንዴ አይቼ አውቀው ነበር። ለምን ደበቅሽኝ? ቁጥሩ መጥፎ መሆኑ አላመመኝም፤ አንድ ነገር እንደቀረ ገብቶኝ ነበር፤ አንቺ እንዳልነገርሽኝ ነው ያመመኝ። እዚህ መጥቼም እሱን ነው ሳስብ የቆየሁት።»

«ስለምወድዎት ነው» አልኩ። «እንዲያሸንፉ ስለፈለግኩ እጄን አላመንኩትም። ጥሩ ቁጥር ሲመጣ ፍቅሬ ያመጣው መሰለኝ።»

ዶሮው ጮኸ። ሬዲዮውን ሲዘጋው ሰማሁ።

«እንግዲያው» አለ ዶክተር አብዶን፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ሌላ ጊዜ ትንሽ ቀንሰሽ ውደጂኝና ቁጥሩን አሳዪኝ።»

እሺ አልኩት። አርቦቹን አንድም ሳላስቀር አሁን ልኬለታለሁ።